የደረቴ የመጨረሻ ተኩስ

ሬሳውን ከታንኩ ሆድ ያወጡት ረፋዱ ላይ ነው። አራት ሰዎች በላይኛው ክዳን በኩል ስበው ሣሩ ላይ አጋደሙት። ደም አልነበረም። ፊቱ ላይ ጭረት አልነበረም፤ ጢሙ እንኳ እንደተበጠረ ነው። ደረቱ ግን፣ ያ ከተማው ሁሉ የሚያጨበጭብለት ሰፊ ደረት፣ እንደተረገጠ ጣሳ ወደ ውስጥ ገብቷል።

ሟቹ የ«ጎሽ» አዛዥና ተኳሽ ነበር። ሰው ሁሉ «ደረቴ» እያለ ስለሚጠራው እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቅ ጥቂት ነው። «ጎሽ» ደግሞ ታንክ ናት። ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው፣ ነገሩ እንዲህ ነው፦ ያረጁ ታንኮች ቀለም ተቀብተው ሜዳ ይገባሉ፤ በኖራ ጥይት ይታኮሳሉ፤ ብዙ ነጭ ነጥብ የተለጠፈበት ተሸንፎ ይወጣል። መቼም ሰው የለመደውን መሰልቸቱ አይቀርምና ተመልካቹ ኖራው ሰለቸው። «ታንክ ነው ወይስ ቤት ቀቢ የምናየው?» ይል ጀመር። ስለዚህ የስፖርቱ ማኅበር እውነተኛ ጥይት ሊያስገባ አሰበ፤ እውነተኛ ሆኖ ግን ሰው የማይገድል። እንዲህ ያለውን ነገር ማሰብ የሚሆንለት ኮሚቴ ብቻ ነው።

የዚያን ዕለት ጠዋት ሙከራ ነበር። ሳይረን ሲነፋ «ከርከሮ» የተባለችው ታንክ አንዲት እውነተኛ ጥይት በጎሽ ጎን ላይ ትተኩሳለች፤ በዚያችው ቅጽበት ጎሽ የተለመደችውን የኖራ ጥይት በእንጨት ሰሌዳ ላይ ትተኩሳለች። ከዚያ ሦስቱ የጎሽ ሰዎች በደህና ወጥተው እጃቸውን ያውለበልባሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ። ሳይረኑ ተነፋ፤ ሁለቱ ተኩሶች እንደ አንድ ሆነው ጮኹ፤ ሁለት ሰዎች ወጡ። ሦስተኛውን ማውጣት አስፈለገ።

«እትዬ ለምን» ስትደርስ ነገሩ ያለቀለት ይመስል ነበር። የዚህች መርማሪ እውነተኛ ስም በመሥሪያ ቤቷ መዝገብ ላይ አለ፤ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ወንጀለኛውንም አለቃዋንም «ለምን?» እያለች ስላደረቀቻቸው ቅጽል ስሙ ተለጥፎባት ቀረ። ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ጠፍጣፋ ጫማ የምታደርግ፣ ጥቁር ቦርሳዋን ከትከሻዋ የማታወርድ ሴት ናት። ጉልበቷ ያማታል። ስለ ጉልበቷ ላገኘችው ሁሉ ትናገራለች፤ ስለምታስበው ነገር ግን ለማንም አትናገርም።

ሳጅኑ ሜዳው በር ላይ ተቀበላት።

«ድካም ሆነብዎት እንጂ እትዬ፣ ነገሩ ፀሐይ የሞቀው ነው። የከርከሮ ጥይት ጎኗን መታት፣ ሰውየው ሞተ። ጥይቷን የሠሯት እኚያ ናቸው።»

የጠቆመው ወደ አንድ ባዶ ሣጥን ነው። ሰባ ዓመት የሚሆናቸው ከሲታ ሽማግሌ ቀበቷቸው ተፈትቶ ሣጥኑ ላይ ተቀምጠዋል። እስከ ቅንድባቸው ድረስ ኖራ ነክቷቸዋል። የማኅበሩን ጥይት ሠላሳ ዓመት የሠሩት እሳቸው ናቸው፤ «አባባ ኖራ» ይሏቸዋል።

«ፈርመዋል» አለ ሳጅኑ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «‹ይህች ጥይት ብረት ታሰረጉዳለች እንጂ ሰው አትገድልም፤ ከገደለች ተጠያቂው እኔ ነኝ› ብለው በገዛ እጃቸው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መኪና መጥቶ ይወስዳቸዋል። በዚህ ዕድሜያቸው ከገቡ መውጣታቸውን እንጃ።»

«ቀበቷቸውን ለምን ፈታህ?»

«ደንብ ነው።»

«ሱሪያቸው እየወረደ ነው። መልስላቸው። የትም አይሄዱም።»

እትዬ ለምን መጀመሪያ ጎሽን ዞራ አየቻት። በግራ ጎኗ ላይ፣ ልክ ተኳሹ በሚቀመጥበት በኩል፣ ሳህን የሚያክል ስርጉድ አለ። ቀለሙ ተልጧል፤ ብረቱ ግን አልተበሳም። ከዚያ ጉልበቷን እየረገመች በክዳኑ ወደ ውስጥ ወረደች።

ውስጡ ጠባብ ነው። ዘይትና ባሩድ ይሸታል። ሹፌሩ ከፊት፣ ከብረት ግድግዳ ማዶ ለብቻው ይቀመጣል፤ ቢዞርም የሚያየው ብረት ነው። ከኋላ ደግሞ መድፉ መሀል ላይ ሆኖ በግራው ተኳሹ፣ በቀኙ አጉራሹ። አጉራሽ ማለት ጥይቱን እያነሳ ለመድፉ የሚያጎርሰው ሰው ነው።

ስርጉዱ ባለበት ቦታ፣ በውስጥ በኩል፣ አንዲት የመዳፍ ያህል መስተዋት በምስማር ተንጠልጥላለች። ሟቹ ወደ ተመልካቹ ከመውጣቱ በፊት ጢሙን የሚያበጥርባት ነበረች። እትዬ ለምን መስተዋቷ ውስጥ ራሷን አየች፤ ነጠላ ሽበቷን ወደ ጆሮዋ ኋላ መለሰች። መስተዋቷ ደህና ነበረች፤ ስንጥቅ እንኳ የላትም።

ቀጥሎ የመድፉን ጀርባ አየች። መድፍ ሲተኮስ እንደ በቅሎ ወደ ኋላ ይራገጣል፤ የሚንሸራተትበትም ሐዲድ አለው። ሐዲዱ ላይ አንድ ጣት የምታህል ቦታ ከብዙ ዓመት መመላለስ የተነሳ ታብለጨልጫለች። ከዚያ ወዲያ ያለው ግራሶ ያረጀ፣ አቧራ ጠጥቶ የጠቆረ ነበር፤ ዛሬ ግን ሁለት ስንዝር ያህል ተጠራርጎ ተገፍቷል፣ ብረቱም አዲስ ጭረት አውጥቷል። ከመድፉ ጀርባ ሰውን የሚጠብቅ አጥር መኖር ነበረበት። የለም። አራቱ የብሎን ቀዳዳዎች አቧራ ሞልቷቸዋል።

ወጥታ ወደ ሰሌዳው ተራመደች።

«ወዴት ነው እትዬ? ሬሳው በዚህ በኩል ነው» አለ ሳጅኑ።

«ሬሳውን ሁላችሁም አይታችሁታል። ሰሌዳውን ያየ ሰው አለ?»

ማንም አላየውም ነበር። ሁሉም ወደ ታንኩ ነው የሮጠው። እያለከለከች አራት መቶ እርምጃ ሄደች። ሰሌዳው ላይ የድሮ ነጭ ጠብታዎች ደርቀው ተላልጠዋል። መሀሉ ላይ ንጹሕ ክብ ቀዳዳ አለ። ጭብጧን ከተተችበት፤ ልክ ገባላት።

አባባ ኖራ በጥይት ማከማቻው ውስጥ፣ በሚዛናቸውና በኖራ ባልዲያቸው መካከል አነጋገሯት። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ቃላቸው ግን አይንቀጠቀጥም።

«ነጯ ጥይት ሩብ ባሩድ ነው ያላት፤ ራሷ ኖራ ነው። ቀይዋ ሙሉ ባሩድ አላት፤ ራሷ ለስላሳ ብረት ነው። አያያዛቸው እንዲመሳሰል ብዬ ኖራው ውስጥ ጠጠር እጨምራለሁ። ልዩነታቸው ግማሽ ኪሎ አይሞላም።»

«ስንት ቀይ ሠሩ?»

«ስምንት። አንዷን ዛሬ ከርከሮ ተኮሰቻት። ሰባት መቅረት ነበረበት።» ሽማግሌው ወደ መደርደሪያው ጠቆሙ። «ያሉት ስድስት ናቸው።»

«ለሳጅኑ ለምን አልነገሩትም?»

«ነገርኩት እንጂ። ‹አባባ፣ ለራስዎ ጉድጓድ እየቆፈሩ ነው› አለኝ።»

«ቁልፉ ማን ጋ ነው?»

«አንገቴ ላይ። ግን ሐሙስ ዕለት መደርደሪያው ሲቀየር በሩ ግማሽ ቀን ክፍት ዋለ። ሹፌሩም፣ አጉራሹም፣ የሟቹ ሚስትም ሲሸከሙ ነበር። ማንን ልጠርጥር? ሁሉም ልጆቼ ናቸው።»

«ከመድፉ ጀርባ ያለውን አጥር ማን ነቀለው?»

«እሱ ራሱ ነዋ፣ ነፍሱን ይማረውና። ከአሥር ዓመት በፊት። በኖራ ጥይት መድፉ አንድ ጣት ነው ወደ ኋላ የሚመጣ። አነጣጥሮ ሲጨርስ ዞር ይልና ደረቱን ከመድፉ ጀርባ አስደግፎ የመተኮሻውን ገመድ ይስባል። ‹የመድፍ እርግጫ በደረቴ እመልሳለሁ› እያለ ይኩራራበት ነበር። ስሙም የወጣው ከዚያ ነው። ጎሽ ራሷ ቀይ የምትተኩስበት ቀን ሳይደርስ አጥሩን መልስ ብዬ ለምኜዋለሁ። ‹አባባ፣ አንተ ኖራህን አቡካ› አለኝ።»

የሟቹ ሚስት ሬዲዮ ክፍሉ ውስጥ ነበረች። በጨዋታ ቀን ከታንኩ የሚመጣውን ቃል እየሰማች የምትጽፈው፣ በሌላው ቀን ደግሞ የነጭ ጥይቶቹን ራስ ኖራ የምትቀባው እሷ ናት። ዓይኗ አብጧል፤ አንደበቷ ግን አልዛለም።

«ይጠይቁኝ፤ አልደብቅም። ያቺን ታንክ እጠላታለሁ። ጣውንቴ ናት። የተጋባንበትን ቀን ይረሳል፤ የእሷን ዘይት የሚቀይርበትን ቀን አይረሳም። እኔን ሲያተኩሰኝ ‹ተኚ ይለቅሻል› ይላል፤ እሷ ስታስል ሐኪም ያመጣል። ጣውንት ሰው ቢሆን ፀጉር ይነጫል፤ የብረት ምኑ ይነጫል?»

«ጠልተሻታልና ጎዳሻት?»

«እሷን ባቃጥላት ደስ ይለኝ ነበር። እሱን ግን…» ወረቀቱን ገፋችላት። «የመጨረሻው ቃል ይኸው። ደንቡ ነው፤ አጉራሹ ጥይቷን በእጁ መዝኖ ቀለሟንና ክብደቷን ይጠራል። ‹ነጭ፣ ቀለለ› አለ። ባሌም ‹ነጭ፣ ቀለለ› ብሎ መለሰ። ከዚያ ሳይረኑ ተነፋ።»

ሹፌሩ የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው። ጋራዡ ውስጥ ጎማ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ትቀናበት ነበር?» አለችው ሳትዞር ሳትመለስ።

ልጁ ፈገግ ሊል ከጅሎት ተወው። «እትዬ፣ እናታችን የእኔን ፎቶ የት እንዳስቀመጠችው ያውቃሉ? በእሱ ፎቶ መስተዋት ጥግ ሰክታዋለች። እንዴት አልቀናም? ግን ባለፈው ቅዳሜ ጋሼ ጠርቶኝ ‹በሚመጣው ውድድር የተኳሹ ወንበር ያንተ ነው፤ እኔ አሠልጣኝ እሆናለሁ› አለኝ። ያን ዕለት ቅናቴ ሁሉ ወጣልኝ። ሰው ወንበር እየተሰጠው ሰጪውን ይገድላል?»

«ሲነግርህ ማን ነበር?»

«ማንም። አጉራሹ ብቻ፤ ጥግ ላይ ጥይት ይወለውል ነበር።»

«ምን አለ?»

«እንኳን ደስ ያለህ አለኝ። ሻይም ጋበዘኝ። እሱ ለሰው ደስታ የማይሰስት ሰው ነው።»

እትዬ ለምን «እህ» ብላ ተነሳች።

አጉራሹን ያገኘችው ልብስ መቀየሪያው ክፍል ነው። አርባ ዓመት ያለፈው፣ ትከሻው እንደ በር የሰፋ፣ ድምፁ ግን እንደ ልጃገረድ የለሰለሰ ሰው ነው። አልቅሷል። ከሁሉም አብልጦ ያለቀሰው እሱ ነው ይባላል።

«አሥራ ሁለት ዓመት አጎረስኩት እትዬ። ከእናቱ ይልቅ እኔ ነኝ ያጎረስኩት።» እንባውን በክንዱ ጠረገ። «ከውጭ ሲመታን ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ስገልጥ ወድቋል። ብረቱ ገፍቶት መሰለኝ።»

«ያጎረስካት ጥይት ነጭ ነበረች?»

«ራሷ ነጭ ነበር። የማኅበሩ ሊቀመንበር ራሳቸው ጠዋት የጎሽን የጥይት ሣጥን ከፍተው አሥሩም ነጭ መሆናቸውን አይተዋል።»

«ክብደቷስ? በእጅህ መዝነሃል።»

«መመዘን ተብሎ ነው እንጂ» አለና ለስለስ ያለ ሳቅ ሳቀ። «ግማሽ ኪሎ እኮ ነው። በዚያ ጨለማ፣ በዚያ ጩኸት ማን ይለየዋል? የሰው እጅ ሚዛን አይደለም። ይቀመጡ እንጂ፣ ቆመው አይሆንም።»

ቦርሳዋን ከትከሻዋ ተቀብሎ አግዳሚው ላይ ቦታ አበጀላት፤ መልሶም በትሕትና ጭኗ ላይ አኖረላት።

«ሁለት ኪሎ ከሩብ ተሸክመው ነው የሚዞሩት? ትከሻዎን ይጎዳዎታል እኮ።»

«ልማድ ነው» አለች እትዬ ለምን። አመስግናው ወጣች። ስትመለስ በጥይት ማከማቻው በኩል አለፈች። አባባ ኖራ እያዩዋት ቦርሳዋን ሚዛኑ ላይ አኖረች፤ ቁጥሩን አየች፤ አነሳች። ከዚያ ወደ ጆሯቸው ተጠግታ አምስት ጥይት እንዲያዘጋጁላት ጠየቀቻቸው።

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም ጋራዡ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሊቀመንበሩ ክራቫቱን እየነካካ ቆመ። ሚስቲቱ፣ ሹፌሩና አጉራሹ አግዳሚ ላይ ተደረደሩ። አባባ ኖራ በሳጅኑ አጠገብ ናቸው። ጠረጴዛው ላይ አምስት ጥይቶች በጆንያ ጨርቅ ተጠቅልለው ተጋድመዋል።

«አትፍሩ፤ ባሩዳቸው ወጥቷል፤ በምትኩ አሸዋ ነው ያለባቸው» አለች እትዬ ለምን። «አሁን ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ሰውየው በምን ሞተ? ሁላችሁም ከውጭ የመጣችው ጥይት ገደለችው አላችሁ። አንዲት መስተዋት ግን ስርጉዱ ሥር ተንጠልጥላ ምንም አልሆነችም። መስተዋት ሳይሰብር የሰው ደረት የሚሰብር ምት የለም። የአባባ ጥይት ብረት አሰረጎደች፣ በቃች። እንደፈረሙት ነው የሆነው።»

አባባ ኖራ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ታዲያ ደረቱን ምን ሰበረው?» አለ ሊቀመንበሩ።

«የራሱ መድፍ። ሐዲዱን እዩት። በኖራ ጥይት አንድ ጣት የሚመጣው መድፍ ዛሬ ሁለት ስንዝር መጥቷል። እሱም እንደ ልማዱ ደረቱን አስደግፎ ነበር። እውነተኛ ጥይት ወደ ፊት ስንት ብረት እንደምትበሳ ለመነጋገር ሦስት ስብሰባ ተቀምጣችኋል አሉ። ወደ ኋላ ምን እንደምታደርግ የጠየቀ ሰው ነበር?»

ሊቀመንበሩ ክራቫቱን ለቀቀው።

«ሰሌዳው ደግሞ ጭብጥ የሚያስገባ ቀዳዳ አለው። ኖራ ይለጠፋል እንጂ አይበሳም። ስለዚህ ጎሽ የተኮሰችው ቀይ ጥይት ነው፤ ራሷ ኖራ የተቀባ ቀይ ጥይት።»

ሁሉም ወደ ሚስቲቱ ዞረ።

«እኔን ምን ታዩኛላችሁ?» አለች። «ኖራ ባልዲ ውስጥ ጥይት መንከር የማያውቅ ማን አለ?»

«እውነቷን ነው» አለች እትዬ ለምን። «ሐሙስ ዕለት ሦስታችሁም ቀይ ጥይት መስረቅ ትችሉ ነበር፤ አባባም በስሕተት ነጭ ቀብተዋት ይሆናል። በስሕተት ከሆነ አጉራሹም ሳያውቅ አጉርሷል፤ ጥፋቱ የአባባ ነው፤ መኪናው ይወስዳቸዋል። እንግዲህ ሁሉ ነገር በአንዲት ጥያቄ ላይ ቆመ። የሰው እጅ ሁለቱን ይለያል? እንሞክረው። ነጭ ወይም ቀይ በሉ።»

መጀመሪያ ሚስቲቱ አነሳሳቻቸው። ከአምስቱ ሁለቱን አገኘች። ቀጥሎ ሹፌሩ እየተንጎራደደ መጣ፤ አራቱን አገኘና ራሱም ገረመው። አጉራሹ በመጨረሻ ተነሳ። አንድ በአንድ አነሳ፤ እያንዳንዷን እንደ አራስ ልጅ አቅፎ አስቀመጠ።

«ነጭ። ነጭ። ቀይ። ቀይ። ነጭ… መሰለኝ።»

«ሁለት» አሉ አባባ ኖራ በደከመ ድምፅ።

ሹፌሩ ሳቅ አመለጠው። በወንድሙ የሞት ቀን መሳቁ ነውር ነው፤ ግን ድንጋጤም አንዳንዴ በሳቅ ይወጣል። «ይቅርታ። እንዲያው ጋሼ ያለው ትዝ ብሎኝ ነው። ‹ማጉረስ ሥራ አይደለም፤ ሁለት ክንድ ያለው ሁሉ ያጎርሳል› ይል ነበር። ለካ እውነቱን ነው። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ አንስቼ አራት አገኘሁ፤ አንተ በአሥራ ሁለት ዓመትህ ሁለት?»

አጉራሹ ወለሉን አየ።

«ይኼ ከሆነማ» አለ ሊቀመንበሩ፣ የሚይዘው ነገር በማግኘቱ ደስ ብሎት፣ «ጥፋቱ የእጅ ነው። ከእንግዲህ አጉራሽ አያስፈልገንም። ሚዛን እንገዛለን፣ ዕቃ ጫኝ እንቀጥራለን።»

«ሁለት ክንድ ያለው ሁሉ» አለች እትዬ ለምን ለራሷ እንደምታወራ፣ ጆንያውን እያስተካከለች። «እንግዲህ ሰውየው ወንበሩን ለወንድሙ የሰጠው ያለ ነገር አልነበረም።»

የአጉራሹ አንገት ቀላ። ማንም ሳይጠራው ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ።

«ዕቃ ጫኝ?» አለ። ድምፁ አሁንም ለስላሳ ነበር። «የመጀመሪያዋ ነጭ ናት። ሁለተኛዋ ቀይ። ሦስተኛዋ ነጭ ናት፤ ግን አባባ ዛሬ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ጠጠሩን አብዝተውባታል፤ ራሷ ያደላል። አራተኛዋ ቀይ።» አምስተኛዋን በአንድ እጁ አነሳ፤ ለቅጽበት በአየር ላይ ያዛት። «ይቺ ደግሞ ቀይ ናት፤ ባሩዱ ወጥቷል፣ አሸዋው ግን አልተጨመረባትም። አራት ያገኘኸው በዕድል ነው ልጄ። ይቺን ነው የሳትካት፤ ‹ነጭ› አልክ።»

ሁሉም አባባ ኖራን አዩ።

«አምስቱም ልክ ነው» አሉ ሽማግሌው።

«ቦርሳዬም ልክ ነበር» አለች እትዬ ለምን። «ሁለት ኪሎ ከሩብ፤ በሚዛን አየሁት። እንግዲህ ወንድሜ፣ ዛሬ ጠዋት ቀይ ጥይት ይዘህ ‹ቀለለ› ያልከው ለምንድን ነው?»

አጉራሹ ጥይቷን ቀስ ብሎ አኖራት። መካዱን ተወው። መካድ ቢፈልግም «የሰው እጅ ሚዛን አይደለም» ያለውን መልሶ መገንባት ነበረበት፤ ያፈረሰው ደግሞ በኩራቱ ነው።

«አሥራ ሁለት ዓመት ‹በሚመጣው ዓመት› አለኝ» አለ። «‹በሚመጣው ዓመት ወንበሩ ያንተ ነው።› እኔ አጎርሳለሁ፣ ለእሱ ይጨበጨባል። ጋዜጣ ላይ ፎቶው ሲወጣ የእኔ ክርን ትታያለች። አንድ ቀን ሙሉ ገጽ ወጣ፤ ቆርጬ ያስቀመጥኩት ለክርኔ ብዬ ነው። ቅዳሜ ዕለት ወንበሩን ለዚህ ሰጠው። ‹አንተስ ቅር አይልህም፣ አጉራሽ የትም አይጠፋም› አለኝ፤ ዞር ብሎም አላየኝም።»

«ልትገድለው ነበር?» አለች ሚስቲቱ።

«ይቅመሰው ብዬ ነው። አንድ ሁለት የጎድን አጥንት። የምይዘው ነገር ምን ያህል እንደሚከብድ ደረቱ ይወቀው ብዬ። በእጄ መዘንኳት፤ ክብደቷን አወቅሁ። እርግጫዋን ግን… ከእኛ መሀል ከቀይ ጥይት ጀርባ ቆሞ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።»

ሹፌሩ ሊነሳ ሲል ሚስቲቱ እጁን ያዘችው። ተቀመጠ፤ ማልቀስም ጀመረ፤ ከጠዋት ጀምሮ ያላለቀሰ እሱ ብቻ ነበር።

ሳጅኑ ከአባባ ኖራ አጠገብ ተነስቶ ወደ አጉራሹ ሄደ። ሽማግሌው ነጻ መሆናቸውን የሚነግራቸው ሰው እስኪመጣ ጠበቁ፤ ማንም አልመጣም፤ ራሳቸው ተረድተው ተነሱ።

ሊቀመንበሩ ግን ፊቱ በርቶ ነበር። «እንግዲያው ጥይትዎ ንጹሕ ናት ማለት ነው አባባ። ከውጭ የመጣችው ማንንም አልጎዳችም። ማዶ ያለው ከተማ በእውነተኛ ጥይት ሳይቀድመን በወሩ መጨረሻ…»

«ይቅደመን» አሉ አባባ ኖራ።

«እንዴት?»

«ብረት የምትበሳ እንዳትሆን ሁለት ዓመት ለፋሁባት። አልበሳችም። ነገር ግን ሁላችሁን ሠላሳ ዓመት አውቃችኋለሁ፤ ማን በማን እንደሚቀና ሁሉ አውቃለሁ። ያን የምለካበት ሚዛን የለኝም።» የማከማቻውን ቁልፍ ከአንገታቸው አውልቀው የቀሩትን ቀይ ጥይቶች ሊፈቱ ሄዱ። ሚስቲቱ ትንሽ ቆየችና ባልዲ ይዛ ተከተለቻቸው፤ ባሩዱ የሚፈስበት ውኃ ያስፈልጋል።

መኪናው በሰዓቱ መጣ። ሳጅኑ አጉራሹን ሲያስገባው፣ ሰውየው በበሩ ላይ ቆም ብሎ ወደ እትዬ ለምን ዞረ። ደብተሯን ከፍታ መጻፍ ጀምራ ነበር።

«እትዬ፣ ሁሉንም ይጽፉታል?»

«ሁሉንም።»

«አምስቱንም እንዳገኘሁ ይጻፉልኝ። የመጀመሪያውን ሳይሆን የኋላውን።»

እትዬ ለምን ለአፍታ አየችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ ጉልበቷ ላይ ደብተሩን አስደግፋ፣ «አምስቱንም» ብላ ጻፈችለት፤ እንዲያየውም ገልብጣ አሳየችው።